ቬንቶይ፦ በአንድ ፍላሽ ሙሉ የጥገና ኪት፣ እና በእሱ ላይ የሚላከኩ ጥፋቶች

ኮምፒውተር መጠገን ሥራው ከሆነ ሰው ቦርሳ ውስጥ ሦስት አራት ፍላሽ አይጠፋም። አንዱ ላይ ዊንዶውስ 10፣ አንዱ ላይ ዊንዶውስ 11፣ አንዱ ላይ ኡቡንቱ፣ ሌላው ደግሞ ምን እንዳለበት ከተረሳ የቆየ። ቬንቶይ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ፍላሽ የሚሰበስብ ፕሮግራም ነው። ሩፈስና ባሌና ኤቸር የሚባሉት ፕሮግራሞች አንድ የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉ የሲስተም መጫኛ በአንድ ፋይል የታሸገበት) ወስደው ሙሉውን ፍላሽ ለእሱ ያውሉታል። ቬንቶይ ግን ፍላሹ ላይ አንዴ ከተጫነ በቃ፤ ከዚያ በኋላ አይኤስኦውን እንደ ዘፈን ወይም ፎቶ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ማሽኑ ከፍላሹ ቡት ሲያደርግ (ሲነሳ) ያሉትን አይኤስኦዎች ይዘረዝራል፣ የሚፈለገውን መርጦ ኢንተር መጫን ነው። ነፃ ነው፣ ከ2020 ጀምሮ አለ፣ የሚወርደውም ፋይል ከ20 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ዳታ አይበላም።

ፍርዱን እዚሁ እናስቀምጠው፦ ለቴክኒሻን ከዚህ የተሻለ የኪስ መሣሪያ አላየንም። «ቬንቶይ አልሠራልኝም» ከሚሉት ቅሬታዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ ጥፋቱ የፍላሹ፣ የአይኤስኦው ወይም የማሽኑ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ውስጠኛ ፕሮግራም) ሆኖ ይገኛል። የትኛው እንደሆነ ቶሎ መለየት ነው ሰዓት የሚያተርፈው፤ ስለዚህ ይህ ግምገማ ከፕሮግራሙ ይልቅ በዙሪያው ባሉት ነገሮች ላይ ይረዝማል።

አጫጫኑ

በዊንዶውስ ላይ ዚፑን ፈትታችሁ «ቬንቶይቱዲስክ» የሚለውን ክፈቱ። ከላይ የፍላሹ ስምና መጠን፣ ከታች «ኢንስቶል» እና «አፕዴት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይታያሉ። ኢንስቶል ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። አፕዴት የቬንቶይን የራሱን ክፍል ብቻ ይቀይራል፣ አይኤስኦዎቹን አይነካም። አዲስ ስሪት ሲወጣ በችኮላ ኢንስቶልን የሚጫን ሰው ወራት የሰበሰበውን ፋይል በአንድ ደቂቃ ያጣል።

ኢንስቶል ከማለታችሁ በፊት «ኦፕሽን» የሚለውን ሜኑ እዩ። የፓርቲሽን ዓይነቱ (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ስልት) በራሱ ኤምቢአር ላይ ይሆናል፤ እዚያው ተዉት፤ አሮጌ ማሽንም አዲስ ማሽንም ላይ ይሄዳል። ጂፒቲ የሚያስፈልገው ከ2 ቴራባይት ለሚበልጥ ዲስክ ወይም ኤምቢአርን አልቀበልም ለሚል ማሽን ነው። የፋይል ሲስተሙም (ፋይሎች የሚደራጁበት ስልት) ኤክስፋት ይሁን። ፋት32 አትምረጡ፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ደግሞ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት ያልፋል። ለሰነድና ለድራይቨር የተለየ ቦታ ከፈለጋችሁ በዚያው ሜኑ ከዲስኩ መጨረሻ የተወሰነ ጊጋባይት ሳይነካ እንዲቀር ማዘዝ ይቻላል።

በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ የገባ ኤስኤስዲ ዝርዝሩ ላይ ካልመጣ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ያን ጊዜ ግን የማሽኑ የራሱ ዲስክም አብሮ ስለሚመጣ መጠኑን ሳታነቡ እጃችሁን ወደ ኢንስቶል አትውሰዱ።

ሲጨርስ ፍላሹ ለሁለት ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። ትልቁ «ቬንቶይ» የሚባለው የእናንተ ነው፤ አይኤስኦ የሚቀመጠው እዚህ ነው፣ ፎልደር እየሠራችሁ ብትለያዩትም ችግር የለም። ሁለተኛው 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ስሙ «ቪቶይኢኤፍአይ» ነው፣ የሚቀመጠውም በፍላሹ መጨረሻ ላይ ነው። ይህችን አቀማመጥ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ትፈለጋለች።

ፍላሹ ራሱ

ገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ሲታይ ግን 8 ወይም 16 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ ሞልቷል። የፍላሹ መቆጣጠሪያ ቺፕ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ስለተሞላ ዊንዶውስ ላይ ፕሮፐርቲስ ብትከፍቱ 128 ይላል። ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ፋይል ወይ ወደ ባዶ ይሄዳል፣ ወይ ዞሮ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ይደርባል። ፎቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ከወራት በኋላ የሚታወቅ ጉዳት ነው። ቬንቶይ ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል፤ ቡት የሚያደርገው ክፍል የተቀመጠው በፍላሹ መጨረሻ፣ ማለትም በሌለው ቦታ ላይ ነውና። ወይ ጭነቱ መሃል ላይ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ወይ «ተሳክቷል» ብሎ ማሽን ላይ ሲሰካ ምንም አይመጣም። ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ላይ እምቢ ያለ ፍላሽ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ «ኤችቱቴስትደብልዩ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ባዶውን ፍላሽ መርጣችሁ «ራይት + ቬሪፋይ» ትሉታላችሁ፣ ፍላሹን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሊኑክስ ላይ «ኤፍ3» ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ መጀመሪያ «ኤፍ3ራይት»፣ ቀጥሎ «ኤፍ3ሪድ»። ጊዜ ይወስዳል፦ በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ መጻፉ ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ማንበቡ ገና ሳይቆጠር። ቢሆንም ከሱቁ ጋር «ካልሆነ እመልሳለሁ» ተባብላችሁ ገዝታችሁ በዚያው ቀን ፈትሹት።

እውነተኛ ፍላሽም ቢሆን ላዩ ላይ «ዩኤስቢ 3» መባሉ ስለ መጻፍ ፍጥነቱ የሚናገረው ነገር የለም። የሚጽፈው በሰከንድ 10 ሜጋባይት ከሆነ አንድ የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ለመገልበጥ ዘጠኝ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሥራው በየቀኑ ከሆነ ባለ 64 ወይም 128 ጊጋ ደህና ፍላሽ፣ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ኬዝ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ኤስኤስዲው በፍጥነትም በዕድሜም ፍላሹን ያስንቀዋል።

አይኤስኦው

የዊንዶውስ ጫኙ ተነስቶ ፋይል መገልበጥ ጀምሮ በተወሰነ ፐርሰንት ላይ ይቆምና በ80070570 ወይም በ8007000ዲ የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ያሳያል። ትርጉሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ማንበብ አልቻልኩም» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሃርድ ዲስኩን ይወነጅላል። ከዚያ በፊት አይኤስኦው ራሱ ይመርመር። በተቆራረጠ ኔትወርክ የወረደ ፋይል መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ላይ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ የሂደቱ መስመር ሞልቶ «አለቀ» ቢልም ፋይሉ ገና ራም ላይ ሆኖ ወደ ፍላሹ እየተጻፈ ይሆናል፤ «ኢጀክት» ሳይሉ መንቀል ማለት አይኤስኦውን ለሁለት መቁረጥ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ እየተደረገ መብራት ቢሄድም ውጤቱ ያው ነው፤ ኤክስፋት የጀመረውን የሚመዘግብበት ጆርናል ስለሌለው ያን ፋይል አጥፍቶ፣ ፍላሹን በቼክዲስክ አስፈትሾ፣ እንደገና መገልበጥ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ቬንቶይ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ነገር አለው። ዝርዝሩ ላይ አይኤስኦው ላይ ቆማችሁ ኤም የምትባለውን ፊደል ብትጫኑ ኤስኤችኤ256ን ጨምሮ የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር እዚያው አስልቶ ያወጣል፤ አዘጋጁ ድረ ገጹ ላይ ካወጣው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ፋይሉ አይታመንም። ቁጥሩ ልክ፣ ፍላሹም ንጹሕ ሆኖ ስህተቱ ከቀጠለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም ነው። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86+ን ከዚያው ፍላሽ አስነስታችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይሂድ። ቀይ መስመር ከመጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መለየት ነው።

ሲኪዩር ቡት፣ ከዚያ በፊት ግን ቢትሎከር

የደንበኛ ላፕቶፕ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መቆለፉን እዩ። አዲስ ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ማሽኖች ባለቤታቸው ሳያውቅ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ሲኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን የባዮስ ጥበቃ) ስታጠፉ ቲፒኤሙ (ቁልፎችን የሚይዘው የማሽኑ ቺፕ) «ማሽኑ ተነካክቷል» ብሎ ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንቱን ፓስወርድ ከረሳ ፋይሉን የሚያወጣለት የለም። ስለዚህ ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጡ፣ ወይም ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» አድርጉት። ይህን መዝለል የቴክኒሻኑን ስም የሚያጠፋ ጥፋት ነው።

ቬንቶይ ሲኪዩር ቡት ሳይጠፋም ይሠራል፣ ግን እያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ መተዋወቅ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ «ሴኪዩሪቲ ቫዮሌሽን» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ደንበኛ አጠገብ ቆሞ ከሆነ ይደነግጣል፣ እናንተ ግን አትደንግጡ። ኦኬ በሉት። ቀጥሎ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ማንኛውንም ቁልፍ እንድትጫኑ 10 ሰከንድ ይሰጣችኋል፤ ካለፋችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ከተጫናችሁ በኋላ «ኢንሮል ኪ ፍሮም ዲስክ»፣ ከዚያ «ቪቶይኢኤፍአይ»፣ ከዚያ ስሙ ራሱ «ኢንሮል ዚስ ኪ ኢን ሞክማኔጀር» የሚለውን ፋይል፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ በመጨረሻም «ሪቡት»። ከዚህ በኋላ ያ ማሽን አይጠይቃችሁም።

ቁልፉን ለማስገባት እንኳ ዕድል ሳይሰጥ ፍላሹን ጨርሶ የሚዘጋ ማሽን ካጋጠመ፣ በተለይ አዳዲስ ቲንክፓዶችና ሰርፌሶች ላይ፣ ባዮሱ ከራሱ ከዊንዶውስ ፊርማ ሌላ እንዳይቀበል ተደርጎ ነው። በሲኪዩር ቡት ገጽ ላይ የማይክሮሶፍት «ሰርድ ፓርቲ» ሰርተፍኬትን ፍቀድ የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ማብራት ነው። ባዮሱ ራሱ በፓስወርድ ከተዘጋ ግን ቬንቶይም ሆነ ሌላ ፍላሽ ምንም አያደርግም። ከውጭ ድርጅት ወጥተው የሚመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ደንበኛ ሲያማክራችሁ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ባዮሱ ይከፈት እንደሆነ እንዲያይ ንገሩት።

የቡት ሜኑ ቁልፎቹን የማያውቅ ቴክኒሻን የለም፣ ለጀማሪ ግን፦ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ12፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኤስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፣ ግን መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት የሚጠይቁ ሞዴሎች አሉት።

ጫኙ ዲስክ አላየሁም ሲል

11ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የዊንዶውስ ጫኝ «የት ልጫን?» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ኤስኤስዲው ሞቷል ብሎ አዲስ ያስገዛ ቴክኒሻን አይጠፋም። ዲስኩ ደህና ነው፤ የተደበቀው ቪኤምዲ ከሚባለው የኢንቴል መቆጣጠሪያ ኋላ ነው፣ ጫኙ ደግሞ ድራይቨሩ የለውም። መፍትሔው ከማሽኑ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ፎልደሩን እንዳለ የቬንቶይ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጫኙ ላይ «ሎድ ድራይቨር» ብላችሁ ያን ፎልደር ስታሳዩት ዲስኩ ብቅ ይላል። ድራይቨሩ በኤግዚኪዩተብል መልክ ብቻ ከሆነ አይሠራም፣ መፈታት አለበት።

አቋራጭ የሚፈልግ ሰው ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ያጠፋዋል። ዲስኩ ከባዶ የሚጫን ከሆነ ይሁን። ነባሩ ዊንዶውስ እንዲቀጥል ከተፈለገ ግን ያ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ያጠፋችሁትን መልሳችሁ ስታበሩት ይመለሳል፣ አትረበሹ።

ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ሊኑክስ አስነስቶ ፋይል ለማውጣት ለሚሞክር ሌላ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ይቀራል። ሊኑክስ ያን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ሺፍት ይዞ ሻት ዳውን ማለት ይበቃል።

አሮጌ ማሽንና ዊንዶውስ 11

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ነፃ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ «11 ጫንልኝ» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ ቲፒኤም 2.0፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል። ቬንቶይ የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ሲያስነሳ ይህን ፍተሻ በራሱ ለማለፍ ይሞክራል፤ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም። ማለፍ ማለት ግን መሥራት ማለት አይደለም። ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ዊንዶውሱ ፕሮሰሰሩ «ፖፕካውንት» የሚባለውን ትዕዛዝ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ኮር 2 ዱዎ ያለው ማሽን አያውቀውም፣ ስለዚህ ምንም ዓይነት መላ ቢደረግ አይነሳም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሊኑክስ ሚንት ጭኖ መስጠት ከዚህ የከበደ ሥራ አይደለም።

እነዚሁ አሮጌ ማሽኖች በሌጋሲ ባዮስ (በአሮጌው የአነሳስ ዘዴ) ሲነሱ አንዳንዶቹ ከዩኤስቢ ዲስክ የመጀመሪያዎቹን 137 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚያነቡት። ትልቅ ኤስኤስዲ ላይ ቬንቶይ ጭናችሁ አንዳንድ አይኤስኦ ብቻ እምቢ ካለ፣ ያ ፋይል የተቀመጠው ከዚያ ድንበር ባሻገር ነው ማለት ነው። ዲስኩን አጽድታችሁ ለአሮጌ ማሽን የሚያስፈልጉትን አይኤስኦዎች አስቀድማችሁ ገልብጡ፣ ሌላው ከኋላ ይከተል።

ምን ይጫንበት?

ዊንዶውስ 10ና 11፣ ኡቡንቱ ወይም ሚንት፣ ሜምቴስት86+፣ ጂፓርትድ (ዲስክ የሚከፋፍለው)፣ ክሎንዚላ (የዲስክ ሙሉ ቅጂ የሚወስደው)፣ የጥገና መሣሪያ የተሰበሰበባቸው ሲስተምሬስኪውና የሂረንስ ቡትሲዲ ፒኢ ሁሉም ተደምረው ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ላይ በምቾት ይገባሉ። ከእነዚህ ክሎንዚላ ላይ ብቻ ልብ በሉ፦ የዲስኩን ምስል በዚያው ቬንቶይ ፍላሽ ላይ ለማስቀመጥ ብትሞክሩ ቦታው «ተይዟል» ይላችኋል፣ ቡት የተደረገው አይኤስኦ እዚያው ላይ ስለተቀመጠ። ለምስሉ ሌላ ዲስክ ይሰካ።

አንድ አይኤስኦ በተለመደው መንገድ አልነሳ ሲል ኢንተር ካላችሁ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ ሜኑ ላይ ሌላ መንገድ ሞክሩ፤ ለዊንዶውስ «ዊምቡት ሞድ»፣ ለሊኑክስ «ግራብቱ ሞድ»። እነሱም እምቢ ካሉ ያን አንዱን አይኤስኦ በሩፈስ ለብቻው መጻፍ ነው። ሩፈስ ሲጽፍ የማይክሮሶፍት አካውንት እንዳይጠየቅና የግላዊነት ጥያቄዎቹ እንዲዘለሉ አስቀድሞ ማዘጋጀት ስለሚችል፣ በአንድ ቀን ሃያ ተመሳሳይ ማሽን ዊንዶውስ ብቻ ለሚጭን ሰው ሩፈስ ይመረጣል። ቬንቶይም በአውቶ ኢንስቶል ፕለጊኑ ይህን ይችላል፣ ግን ፋይሉን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ስለ መተማመን

ቬንቶይ ክፍት ኮድ ነው ስንል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኮዱ ማከማቻ ውስጥ ከሌሎች ፕሮጀክቶች የመጡ፣ ቀድመው የተጠናቀሩ (ሰው እንደ ኮድ አንብቦ የማይመረምራቸው) ብዙ ባይነሪ ፋይሎች አሉ። ከ2024 ጀምሮ ተጠቃሚዎች «እነዚህ ከምን ምንጭ እንደተሠሩ ይታይ» ብለው አጥብቀው ጠይቀዋል፤ አዘጋጁም ምላሽ የሰጠው ዘግይቶ ነው። ተንኮል ተገኘበት የሚል ማስረጃ አላየንም። ሆኖም ከሁሉም ነገር በፊት የሚነሳና ማንኛውንም ዊንዶውስ ጫኝ መንካት የሚችል መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቁልፉን በሲኪዩር ቡት ማስገባት ማለትም ያ ማሽን ከዚያ ወዲያ ማንኛውንም የቬንቶይ ፍላሽ እንዲቀበል መፍቀድ ነው፤ የባለቤቱም የሌላ ሰውም።

ስለዚህ ለቤት ላፕቶፕ፣ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪና ለሱቅ ጥገና ያለ ሐሳብ ተጠቀሙበት፤ ከራሱ ከቬንቶይ ነጥብ ኔት ወይም ከጊትሃብ ገጹ ብቻ አውርዱ፣ ቁጥሩንም አመሳክሩ። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የደመወዝ መዝገብ ያለበት ሰርቨር ላይ ግን አይኤስኦውን በኤቸር ለብቻው የጻፋችሁበት ሌላ ፍላሽ ያዙ።